ዛሬ ይገባል

አስገዶም መሞቱን በግቢው ውስጥ ያልሰማ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሷም እህቱ ናት። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። የጥጉ ባለሱቅ ሰምቷል። ከሱቁ ጎን ጫማ የሚጠግነው ሰውዬ ሰምቷል። የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዘበኛ እንኳ፣ ጉድጓድ የሚቆፍሩትን የሚጠራው እሱ ስለሆነ፣ ከሁሉም ቀድሞ ሰምቷል። ወይዘሮ ለተገብርኤል ግን የታናሽ ወንድሟን ሞት ሰፈሩ በሹክሹክታ ሲቀባበለው፣ እሷ በሻማ ብርሃን የቀሚሷን ጠርዝ ስትሰፋ አምሽታ፣ "ዛሬስ ሰዉ ምን ነክቶት ነው እንዲህ ጨዋ የሆነው? የሚሳደብ እንኳ ጠፋ እኮ" ብላ ተኝታለች።

ስልኩ የተደወለው ለልጇ ለቅድስት ነበር። ከሟቹ ሞባይል ውስጥ ቁጥሯን ያገኙ ሾፌሮች፣ ከጅቡቲ ሲመለስ ሚሌን አለፍ ብሎ መኪናው እንደተገለበጠ፣ ሬሳውን ይዘው በማግሥቱ ረፋድ ላይ አዲስ አበባ እንደሚገቡ ነገሯት። ቅድስት ወሎ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ሒሳብ ተቀባይ ናት። ሽርጧን ሳታወልቅ ታክሲ ይዛ ስትከንፍ መጣች፤ ነገር ግን የእድሩ ዳኛ አቶ ከተማ፣ ወሬው እንዴት እንደ ቀደማት እግዜር ይወቀው፣ ከግቢው በር ላይ ያዟት። "እናትሽን በሌሊት ልትገድያት ነው? መርዶ በማታ ይነገራል? በቃ፣ እኛ በወጉ ጠዋት እናረዳታለን" አሏት። ስለዚህ ቅድስት እንባዋን በሽርጧ ጠርጋ ገባች፤ ከእናቷ ጋር አንድ ትሪ ላይ እራት በላች፤ "ምነው ፊትሽ አበጠ?" ስትባልም "የካፌው ሽንኩርት ነው" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። በእኛ አገር ለሰው ማዘን ማለት አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ የሚመለከተውን ሰው ብቻ ትቶ ሁሉም ያዝናል።

መርዶውን እንዲነግር የተመረጠው የሟች ባሏ ወንድም፣ መምህር በለጠ ነው። ተመረጠ ማለት እንኳ ያስቸግራል፤ ሌላ ሰው ሳይታሰብ "ይኼ የእኔ ነው" ብሎ ተነሣ። በለጠ እዚያው አካባቢ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል። ከሰዋስው ይልቅ ዘይቤ ይወዳል፤ ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ እያለ ሰሌዳውን ሲሞላ የኋላ ወንበሮች በየተራ ያዛጋሉ፣ እሱ ግን ዓይኖቹን ጨፍኖ ስለሚያስተምር አያያቸውም። ራቁቱን የወጣ ቃል ያሳፍረዋል። ሰርግ ላይ ሙሽራዋን ጨረቃ፣ ሙሽራውን ዝግባ ሳይል ማይክሮፎን አይለቅም። አንድ ጊዜ የእድሩ ገንዘብ ያዥ በስካር ቦይ ውስጥ ገብቶ የሞተ ዕለት "ታላቁ ዋርካ ወደቀ" ብሎ ተናግሮ፣ ሴቶቹ በአዲስ ጉልበት አልቅሰው፣ ከዚያ ወዲህ ያለሱ ቀብር ቀብር አይመስልም ተባለ። "ሞተ" የሚለውን ቃል ግን አንድም ቀን ከአፉ አውጥቶ አያውቅም። "እሱ የቄራ ቃል ነው" ይላል።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ ሌሊቱን ሲያሰላስል ያደረውን ንግግር በከንፈሩ እያላመጠ መጣ። ሰዉ ከአጥሩ ሥር ተሰብስቧል። ድንኳኑ ተጠቅልሎ ከአቶ ከተማ ቤት ጓሮ ተጋድሟል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከቤት ከወጡ በኋላ፣ ድንገት ብታየንስ ብለው እንደገና እንደ ደህና ቀን አጣፍተውታል። ከፊት የቆመችው ጀማነሽ ናት፤ በሰፈሩ ለቅሶ የምትጀምረው እሷ ስለሆነች ጉሮሮዋን በሻይ አለስልሳ ነው የመጣችው።

"ግባና በአጭሩ ንገራት። ድምጿን ስንሰማ እንገባለን" አሉት አቶ ከተማ።

"በአጭሩ?" አለ በለጠ፣ እንደተሰደበ ሰው ቀና ብሎ።

የለተገብርኤል ቤት አንድ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሎ ሳሎንና መኝታ ቤት ተብሏል። መብራት በፈረቃ ከሆነ ወዲህ ፍሪጁ ቁምሳጥን ሆኗል፤ ከላይ ሽሮና በርበሬ፣ ከታች የክረምት ጫማዎች አሉበት። ከቴሌቪዥኑ በላይ የባሏ ፎቶ ተሰቅሏል። የአስገዶም ፎቶ፣ ከባድ መኪናውን ተደግፎ የተነሣው፣ ከላስቲክ አበባው ጀርባ ገባ ብሎ ግማሽ ፊቱ ብቻ ይታያል። ከአራት ዓመት በፊት ከተኳረፉ ወዲህ ከዚያ አላወጣችውም፤ አላነሳችውምም። ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት ሪከርድ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ቅዳሜ ስለሆነ ቤት አለች። ቅድስት መጋረጃው ጫፍ ላይ ቆማ አጎቷን በለጠን ታየዋለች።

"ቁጭ በል እንጂ። በዚህ ጠዋት ምን እግር ጣለህ?" አለች ለተገብርኤል።

በለጠ አልተቀመጠም። "እትዬ ለተ" አለ፤ "ሰው በዚህ ምድር ላይ መንገደኛ ነው። ሕይወትም ረጅም ጎዳና ናት።"

"ምነው፣ ልጅህ ፈተና ወደቀች እንዴ?"

"አይደለም። ብቻ… ከመካከላችን አንድ ትልቅ መብራት ጠፋ።"

"የእናንተም ጠፋ? ዛሬ የእናንተ ፈረቃ መስሎኝ!"

በለጠ ይህን አልጠበቀም። ክፍል ውስጥ ቢሆን ምሳሌ ይለውጥ ነበር፤ እዚህም ለወጠ። "ስለ አስገዶም ነው" አለ።

ለተገብርኤል መርፌዋን ቀሚሷ ላይ ሰካች። "አስገዶም ምን ሆነ?"

ዓይኖቿ ፊቱ ላይ ተተከሉ። በለጠ ያን ጊዜ የሌሊቱ ንግግር መካከሉ ላይ ጠፋበት፤ የቀረውን ፍርፋሪ እየለቀመ ተናገረ። "አስገዶም ረጅሙን ጉዞ ጨረሰ። ሸክሙን አራገፈ። ከእንግዲህ አያሽከረክርም።"

"ሥራውን ለቀቀ?"

"ለቀቀ። ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው። ዛሬ ይገባል።"

"ወደዚህ? ወደ እኔ ቤት?" ተነሥታ ቆመች። "ኩርፊያውስ?"

"ከእንግዲህ ማንንም አያኮርፍም" አለ በለጠ፤ እዚህ ላይ በገዛ ንግግሩ ተነክቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ለተገብርኤል የአጥሩ ቆርቆሮ እስኪነዝር ድረስ እልል አለች።

ከውጭ ያለው ሰው የተቀጠረው ለድምፅ ነበር፤ ድምፅ መጣ። ጀማነሽ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ወርውራ "ወዬው" የሚለውን ግማሽ ያህል ካወጣች በኋላ ነው ከውስጥ የመጣው እልልታ መሆኑ የገባት። ልምድ ያላት ሴት ናትና የጀመረችውን አልጣለችውም፤ ከአፏ ወጥቶ ሳያልቅ ጠመዘዘችውና እሷም እልል አለች። ሌሎቹም ተከተሏት። ምን ያድርጉ? ለተገብርኤል በሩን ከፍታ ስትወጣ አጥሩ ሥር የቆመ ሰው ሁሉ በእንባ እየታጠበ እልል ሲላት አገኘችው።

"ሰማችሁ እንዴ? ወንድሜ ሊገባ ነው!" አለች። "እንዴት ያለ ፍቅር ነው! ማንም እንዳይቀር፣ ማታ ሁላችሁም እኔ ቤት ናችሁ።" ወደ ውስጥ ዞራም "ቅድስት! ፍራሹን አውጪና ፀሐይ አስመቺልኝ፤ አጎትሽ አልጋ ላይ ነው የሚተኛው" ብላ አዘዘች። ቅድስት ፍራሹን ተሸክማ ወጣች። ፊቷ ከፍራሹ ጀርባ ስለነበረ ማንም አላየውም።

አቶ ከተማ በለጠን በክርኑ ይዘው ወደ ሽንት ቤቱ ጀርባ ወሰዱት። "ምን አልካት አንተ ሰው?"

"ነገርኳት። አንድም ውሸት አልተናገርኩም። ሰሚው ካልገባው…"

"ሬሳው ናዝሬትን አልፏል! እንግዳ ልቀበል ብላ በሩ ላይ ቆማ ሣጥን ይምጣላት?"

"እርስዎ ይንገሯት እንግዲያ።"

አቶ ከተማ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአየር ወለድ አስር አለቃ ነበሩ፤ ከአውሮፕላን ብዙ ጊዜ ዘለዋል። ይህን ግን ፈሩት። "አይ፣ አንተ ነህ የጀመርከው" አሉ። "ዶሮ ልትገዛ ልትወጣ ነው። አብረሃት ሂድና መንገድ ላይ ጨርሰው።"

ጾም ከተፈታ ብዙ ስላልቆየ መንገዱ በሽንኩርት ጆንያና በእንቁላል ካርቶን ተይዟል። ለተገብርኤል የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ በለጠ ጥቁር ሱፉን ለብሶ ይከተላታል። ያገኘችውን ሁሉ ታቆማለች። ባለሱቁ፣ በየዕለቱ ስኳር የለም ከማለት ሌላ ቃል የማይወጣው ሰውዬ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥቶ "እንኳን ደስ ያለሽ" አላት፤ ከዚያ ፈጥኖ ገብቶ ጀርባውን ሰጠና የሳሙና ካርቶን ይደረድር ጀመር። ጫማ ጠጋኙ አፉን በመዶሻው ሸፍኖ ራሱን ነቀነቀ። በለጠ በየመታጠፊያው "እትዬ ለተ" ይላል፤ እሷ "ወዬ" ስትለው፣ አየሩን ያደንቃል ወይም ስለ ድንች ዋጋ ይጠይቃታል። ጀንበር፣ ጎርፍ፣ የተሰበረ ምሰሶ፣ የደረቀ ምንጭ እያለ በልቡ ሲመርጥ፣ እያንዳንዱን እሷ ምን ብላ እንደምትተረጉመው ወለል ብሎ ይታየዋል። ምሰሶ ቢላት አናጢ ትጠራለች። ምንጩ ደረቀ ቢላት፣ ውኃም እንደ መብራት በፈረቃ ሆነ ትላለች።

ዶሮ ተራ ስትደርስ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ መረጠች። ሻጩ ዘጠና ብር አለ፤ ሰባ አምስት ገባላት። ዶሮውን በክንፎቹ ይዛ ክብደቱን እየመዘነች ወደ በለጠ ዞረች።

"ታውቃለህ" አለችው፤ "ያኔ እማዬ ማይጨው የሞተች ጊዜ፣ አስገዶም ከሎግያ ደወለ። 'እማዬ እንዴት ናት?' አለኝ። እሷ ተገንዛለች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። መሪ ይዟል፣ ደንግጦ ገደል ይገባብኛል ብዬ 'ትንሽ ደክማለች፤ ብትመጣ ጥሩ ነው' አልኩት። ከደከመችማ ጭነቴን አድርሼ እመጣለሁ ብሎ ወደ ጅቡቲ ነዳ። ሲመለስ ሰልስቷም ወጥቷል። 'አንዲት ቃል ሰስተሽ የእናቴን ቀብር ነሳሽኝ' አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቤቴን አልረገጠም። እውነቱን ነው። ስንት ሌሊት ተገላብጬበታለሁ መሰለህ? ዛሬ ሲገባ፣ ገና በሩ ላይ፣ 'ሞታ ነበር፤ ደክማለች ያልኩህ ሞታ ነበር፤ ይቅር በለኝ' እለዋለሁ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ዶሮውን ይብላ።"

በለጠ አፉን ከፈተ። ጎዳናው፣ መብራቱ፣ ዋርካው፣ ጀንበሩ፣ ሁሉም ጭንቅላቱ ውስጥ እንደ ታክሲ ወረፋ ተሰልፈው ይጠብቁት ነበር። አንዱንም ማንሣት አቃተው።

"አስገዶም ሞቷል" አለ።

ዶሮ ሻጩ ኮፍያውን አወለቀ። ለተገብርኤል ዶሮውን አልለቀቀችም። "ምን አልከኝ?"

"ሞቷል፣ እትዬ ለተ። ትናንት መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ሬሳው እየመጣ ነው።"

"ጠዋት ምን ነበር ያልከኝ?"

"ጠዋትም ይህንኑ ነበር ያልኩዎት።"

"ይህን አላልከኝም።"

"አላልኩዎትም" አለ በለጠ።

አንድ የተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም። ሻጩ ውኃ አመጣላት፤ ይዛው ቀረች። "ቅድስት ታውቃለች?" ብላ ጠየቀች። ታውቃለች አላት። "ትናንት ማታ? አብራኝ ስትበላ?" አዎ። "ጀማነሽስ?" እሷም። "ባለሱቁስ? አሁን እንኳን ደስ ያለሽ ያለኝ?" በለጠ ራሱን ነቀነቀ። ለተገብርኤል መንገዱን ወደ ላይና ወደ ታች ተመለከተችው፤ ሃያ ዓመት የተመላለሰችበትን መንገድ ዛሬ አዲስ እንደተከራየ ሰው አየችው። "እኔ ብቻ ነኝ ለካ ባዕዷ" አለች።

ስልኩ በለጠ ኪስ ውስጥ ጮኸ፤ አቶ ከተማ ናቸው፤ ሬሳውን የያዙት ሾፌሮች ቃሊቲ ደርሰዋል። "ነገርካት?" አሉ። በለጠ ሳይመልስ ዘጋው።

"ወደ ቤት አልሄድም" አለች ለተገብርኤል ተነሥታ። "እነሱ ተዘጋጅተው ነው የሚጠብቁኝ። መንገድ ላይ ልቀበለው።" ዶሮውን ሻጩ እጅ ላይ ትታ ስትሄድ በለጠ ሊከተላት ሲል፣ ሻጩ "ጋሼ፣ ተከፍሎበታል እኮ" ብሎ ዶሮውን ደረቱ ላይ አስታቀፈው።

እንዲህ ሆነው ላንቻ ላይ ከአስፋልቱ ዳር ቆሙ፤ የበዓል ቀሚስ የለበሰች ሴትዮና ጥቁር ሱፍ ለብሶ አውራ ዶሮ ያቀፈ መምህር። ሁለት ተማሪዎቹ ታክሲ ውስጥ ሆነው አይተውት በመስኮት "ቲቸር! ስንት ገዙት?" ብለው ጮኹ። በሌላ ቀን ቢሆን ሞቶ ይገኝ ነበር። ዛሬ "ሰባ አምስት" ብሎ መለሰላቸው።

ሬሳውን የጫነው አይሱዙ በጠራራ ፀሐይ የፊት መብራቶቹን አብርቶ፣ ኮፈኑ ላይ ቅጠል ታስሮበት ሲመጣ ለተገብርኤል ቀድማ አወቀችው፤ ወደ አስፋልቱ ገብታ እጇን አነሣች። መኪናው ቆመ። ከጋቢናው አንድ ወጣት ሾፌር ወረደ፤ ሸሚዙ ላይ የደረቀ ደም አለ። ፊሮምሳ ነው፤ ለብዙ ጊዜ የአስገዶም ረዳት ሆኖ ሠርቶ በኋላ እሱም መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ከኋላው ይነዳ የነበረ። ከፎቶ ያውቃት ኖሯል፤ ምንም ሳይላት ጎማው ላይ ደግፎ ወደ ላይ አወጣት። በለጠም ዶሮውን እንዳቀፈ፣ ፊሮምሳም ተከትሎ ወጣ፤ መሪውን የያዘው ሌላ ሾፌር ነበር። መኪናው ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ።

ሣጥኑ ላይ የሸራ ገመድ ታስሮበታል። ለተገብርኤል አጠገቡ ተንበረከከች፤ በሩ ላይ እለዋለሁ ያለችውን እዚያው አለችው። "ሞታ ነበር" አለችው። "ደክማለች ያልኩህ ሞታ ነበር። ደብቄህ ነው። ይቅር በለኝ።" ድምጿ ቢሮ ውስጥ ፋይል ቁጥር የምትነግር ያህል ደረቅ ነበር። ያው ነገር፣ በዚያው ድምፅ፣ ደጋግማ አለችው።

ፊሮምሳ ገመዱን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ቆየና አላስቻለውም። "እትዬ፣ እሱ እኮ ያውቅ ነበር" አላት።

ቀና አለች።

"ማለቴ፣ የዚያን ቀን አብሬው ነበርኩ፤ ሎግያ። ስልኩን እንደዘጋ መሪው ላይ ተደፋ። 'ፊሮምሳ፣ እናቴ ሞታለች' አለኝ። ደክማለች ነው ያሉኝ አላለኝም። ሞታለች አለኝ። በቃ፣ እንመለስ አልኩት። እምቢ አለ። 'አፈር ሲገባባት ማየት አልችልም፤ ንዳ' አለኝ። እኔ ነኝ ጅቡቲ ድረስ የነዳሁት፤ እሱ ሲያለቅስ ነው የሄደው።"

"ታዲያ ለምን እኔን…"

"እንጃ፣ እትዬ። ምን ብሎ ይንገርሽ? ፈርቼ ቀረሁ ይበልሽ? በአንቺ ማሳበብ ሳይቀለው አይቀርም። በኋላ ደግሞ መመለሻው ጠፋው። ለቅድስት ግን በየሳምንቱ ይደውልላት ነበር፤ 'እናትሽ እንዴት ናት?' ነው መጀመሪያ የሚላት።"

ለተገብርኤል ሣጥኑን አየችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ በመዳፏ ክዳኑን በኃይል መታችው። "አንተ ውሸታም!" አለችው። ደግማ መታችው። "ውሸታም! አራት ዓመት! አራት ዓመት ሙሉ!" በሦስተኛው ላይ እጇ ክዳኑ ላይ ቀረ፤ ግንባሯም ተከተለው፤ ጠዋት አጥሩ ሥር ሲጠበቅ የነበረው ለቅሶ ያን ጊዜ ወጣ። መንገደኛው ቆሞ እስኪያይ፣ የታክሲ ረዳቶች ጥሪያቸውን እስኪያቋርጡ ድረስ አለቀሰች።

"እትዬ ለተ…" ብሎ ጀመረ በለጠ።

"ዝም በል" አለችው።

መኪናው ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ቂርቆስ ኮረኮንች ሲታጠፍ ሣጥኑ ተንሸራተተ፤ ዶሮውን ለቅቆ ሣጥኑን በሁለት እጁ ያዘ። ዶሮው መለዋወጫ ጎማው ላይ ወጥቶ ክንፎቹን አራገፈ። በለጠ ሱፉ አቧራ ለብሶ፣ ጉልበቱ የመኪናው ወለል ላይ ተጣብቆ፣ እስከ ግቢው በር ድረስ ሣጥኑን እንደያዘ ሄደ።

ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ድንኳኑን ገትሮ፣ በተጠንቀቅ ይጠብቃል። ጀማነሽ እንደተለመደው አንድ እርምጃ ወጣ ብላ ጀመረች፤ ግን ከመኪናው ላይ የሚመጣው ለቅሶ የራሷን ዋጠባትና አቋረጠች። አቶ ከተማ "በወጉ፣ በወጉ" እያሉ ሰዉን ያስለቅቃሉ። ቅድስት ከሁሉም ኋላ፣ ፀሐይ ላይ የተሰጣው ፍራሽ አጠገብ ቆማለች። ከትናንቱ እራት ጀምሮ አንድም እንባ በሰው ፊት አላፈሰሰችም፤ አሁንም እናቷ በምን ዓይን እንደምታያት ፈርታ መቅረብ አቅቷታል።

ለተገብርኤል ፈልጋ አገኘቻት። ፊቷን ሳትጠርግ ከመኪናው ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብላ እጇን ወደ ታች ዘረጋች። ሰዉ መንገድ ከፈተ።

"ነይ ውጪ፣ ልጄ" አለቻት። "አጎትሽ ሞቷል።"

ቅድስት ከትናንት ጀምሮ የምታውቀውን ያን ጊዜ ገና ሰማች።